ሰባተኛውና ስምንተኛው ቀዳዳ

የእህቴን ባል ሰፈሩ የሚያውቀው «ንቀለው» በሚል ስም ነው። ስሙን ማንም አላወጣለትም፤ ራሱ ነው ያመጣው። ኮምፒውተር እምቢ ያለው፣ ማተሚያ ወረቀቱን የበላበት ሰው ሁሉ ሲደውልለት መልሱ አንድ ነው፦ «ንቀለው፤ አሥር ቁጠርና መልሰህ ስካው።» አንድ ቀን ጎረቤታችን ጥርሷን አሟት ምን ይሻለኛል ብላ ብትጠይቀው፣ አፉ ለምዶበት «ንቀዪው» አላት። ሄዳ አስነቀለችው፤ ተሻላት። ከዚያ ወዲህ ስሙ ጸናበት።

ሥራው ኮምፒውተርን ከኮምፒውተር በገመድ ማገናኘት ነው። ዕድሜው ሃምሳ አንድ ሲሆን አሥራ ዘጠኙን ዓመት በሰው ኮርኒስ ውስጥ በደረቱ ሲሳብ አሳልፏል። ቋሚ ሥራ ኖሮት አያውቅም፤ ይጠሩታል፣ ይዘረጋል፣ ይሄዳል። አምና ከአንድ መጋዘን መሰላል ላይ ወድቆ ጉልበቱን ተጎዳ። ሐኪም መሰላል እርም በል አለው። እሱም እርም አለ፤ ለአሥራ አንድ ቀን።

አሥራ አንዱን ቀን የቆጠረችው እህቴ ናት። እህቴ የማትቆጥረው ነገር የለም። እኔ መድኃኒት በማድልበት ክሊኒክ ውስጥ የካርድ ክፍሉ ኃላፊ ናት። አሥራ አራት ሺህ ካርድ በእጇ ነው፤ አንዱም ቢሆን ከመደርደሪያው ጠርዝ ወጣ ብሎ አይታይም። ወለል ላይ ክር ካየች ታነሳለች። ኮሌታው የተጣጠፈ በሽተኛ ከመጣ ካርዱን ከመፈለጓ በፊት በመስኮቷ እጇን ሰዳ ኮሌታውን ታቃናለታለች። ባሏ ደግሞ ቤቱን በገመድ የሞላ ሰው ነው። ከሶፋው ሥር፣ ከአልጋው ራስጌ፣ ከኩሽናው መስኮት ላይ ሳይቀር የገመድ ጫፍ ይንጠለጠላል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እሱ ሲያንጠለጥል እሷ ስትሸጉጥ ኖረዋል። ትዳራቸው ይኸው ነው፤ ብዙ ትዳር አይቻለሁ፣ ይሄኛው ደህና ነው።

የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተሩ ናቸው። በዕድሜ የገፉ፣ ቁጥብና ቃላቸውን የሚጠብቁ ሰው ናቸው። እሳቸውን ወረቀት ሰለቻቸው። አንድ በሽተኛ ከካርድ ክፍል ወደ ምርመራ፣ ከምርመራ ወደ ላብራቶሪ፣ ከላብራቶሪ ወደ እኔ እስኪደርስ አራት ቁራጭ ወረቀት ይይዛል፤ አንዱ ይጠፋል፣ አንዱን ልጁ ያኝከዋል። የሽንት ምርመራ ውጤቱን የመድኃኒት ማዘዣ ነው ብሎ ያመጣልኝ ሰው አለ። አነበብኩለት፤ ጤነኛ ነበር። አመስግኖኝ ሄደ።

ዶክተሩ ሰባቱ ክፍሎች በኮምፒውተር ይገናኙ ባሉ ጊዜ እህቴ ሥራውን ባሌ ይሥራው፣ ዋሱ እኔ ነኝ አለች። እሷ ለማንም ዋስ ሆና አታውቅም። እኔ ስቀጠር እንኳ ዋስ ሁኚኝ ብላት «እስቲ መጀመሪያ ሥራህን ልየው» ብላኛለች። ዶክተሩም እሺ አሉ። ስምምነታቸው አጭር ነበር፦ መስመሩ ሦስት ወር ሳይቋረጥ ከሠራ ንቀለው ቋሚ ሠራተኛ ይሆናል፤ በኮሪደሩ ጫፍ ያለችው ትንሽ ክፍል የእሱ ትሆናለች፤ የክሊኒኩን ማሽኖች ተቀምጦ ይጠብቃል። ከተቋረጠ ግን ተመሰጋግኖ መለያየት ነው። ለዚያ ጉልበት ሌላ ዕድል አልነበረውም።

የመጀመሪያውን ቀን ያለ ምንም መሣሪያ መጣ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ቤት ሊገዛ እንደመጣ ሰው ክፍል ለክፍል ዞረ፤ ርቀቱን በእርምጃው ለካ። በሁለተኛው ቀን ሥዕል ይዞ መጣ። ትልቁን ስዊች መሃል ላይ ስላለ ካርድ ክፍል አደረገው። ስዊች ስል የአምፖል ማብሪያውን ማለቴ አይደለም፤ ስምንት ቀዳዳ ያላት፣ የጫማ ብሩሽ የምታክል ሣጥን ናት። የየክፍሉ ገመድ እሷ ላይ ይሰካል፤ እሷም የመጣላትን መልእክት ተቀብላ ለባለቤቱ ታደርሳለች። ነገሩ እንዲገባኝ ብሎ «የካርድ ክፍል በላት» አለኝ። «እህትህ ማለት ናት፤ ይቺኛዋ ግን አትቆጣም።»

ላብራቶሪውና የእኔ ክፍል ራቅ ስለሚሉ ለሁለታችን አምስት ቀዳዳ ያላት ትንሽ ስዊች ሰጠን፤ ትንሿን ከትልቋ በአንድ ገመድ አገናኛት። መሰላል ስለተከለከለ ገመዱን ሁሉ በግድግዳው ግርጌ በፕላስቲክ ቦይ አሳለፈው። በእያንዳንዱ ገመድ ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፤ ተራቸው ከተዛባ ምንም አይሠራም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቶ ዛሬም ጫፉን ሲያስር በከንፈሩ ዳዊት እንደሚደግም ሰው ያነበንባል፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ከዚያ በየገመዱ ሁለት ጫፍ ከየት ወዴት እንደሚሄድ ጽፎ ይለጥፋል። ለኮምፒውተሮቹም ቁጥር ቁጥር ሰጣቸው። አንድ ቁጥርን ለእኔ ስጠኝ ብለው ለካርድ ክፍል ሰጣት። የእኔ ስድስት ነው።

ሥራ ሲጨርስ ሁልጊዜ የሚያደርጋት አንድ ነገር አለች። አንድ ትርፍ ገመድ በአንድ ጫፉ ስዊቹ ላይ ሰክቶ ሌላውን ጫፍ አንጠልጥሎ ይተዋል። አይጥ የአንዱን ክፍል ገመድ ብትቆርጠው ያንን ስቦ ለጊዜው ለማገናኘት ነው፤ ለክፉ ቀን ይለዋል። ካርድ ክፍልም ስድስቱ ቀዳዳዎች ሲያዙ በሰባተኛው ላይ ትርፉን ሰክቶ አንጠለጠለው። ጽሑፍ የሌለበት ገመድ እሱ ብቻ ነበር። ለምን ስለው፣ የትም የማይሄድ ገመድ ላይ ምን ተብሎ ይጻፋል አለኝ። እውነቱን ነው ብዬ አለፍኩት።

መስመሩ ሠራ። የደም ምርመራ ውጤት በሽተኛው እጅጌውን ሳይመልስ ዶክተሩ ጠረጴዛ ላይ ይደርስ ጀመር። ቅር ያላት የላብራቶሪ ሠራተኛዋ ብቻ ነበረች፤ ውጤት አደርሳለሁ እያለች ኮሪደሩን ስትለካ መዋሏ ቀረባት። ንቀለው ሰኞ ሰኞ እየመጣ መብራቶቹን ያያል። መብራቶቹ አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ ብልጭ ይላሉ፤ ደህና መስመር እንደዚያ ነው። እህቴ ያላየች መስላ ካርዷን ትደረድራለች። ሁለተኛው ወር ላይ ሁለት ሸሚዝ ገዛችለት። አንድ ሰኞ ያቺን የኮሪደር ጫፍ ክፍል ብከፍት ብቻውን ተቀምጧል፤ መብራት አላበራም፣ ምንም አልያዘም። ምን እያደረግክ ነው ጋሼ ብለው፣ «እየለመድኩ» አለኝ። ያን ሥራ ፈልጎት ነበር፤ በሕይወቱ እንደዚያ የፈለገው ነገር ያለ አይመስለኝም።

ሦስት ወሩ የሚሞላው ሐሙስ ዕለት ነበር። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዶክተሩ የቅጥር ደብዳቤውን ካርድ ክፍል ይዘው መጥተው በዋሱ ፊት ሊፈርሙ ተቀጣጥረዋል። እህቴ ጠዋት ከሁላችን ቀድማ ገባች። እኔ ስደርስ መስኮቱ ተወልውሎ፣ መሳቢያው ተጠርጎ፣ እሷ በርጩማ ላይ ወጥታ የስዊቹን መደርደሪያ አቧራ ታራግፋለች። በርጩማው ይወዛወዛል፤ ያዝኩላት።

«ይሄ ምንድነው የተንጠለጠለው?»

«የጋሼ ነው።»

«የሱ መሆኑንማ አንጠልጥሎ መተዉ ይመሰክራል» አለች። «ዛሬ ዶክተሩ እዚህ ሊፈርሙለት፣ ገመዱ እንደ አይጥ ጅራት ተንጠልጥሎ ይታይ? አላደርገውም።»

እኔ ደግሞ ያልተጠየቅኩትን መናገር አመሌ ነው። ቀና ብዬ አየሁና «ከጎኑ ክፍት ቀዳዳ አለልሽ» አልኳት። ሰካችው። ቀጭ ብሎ ገባ። የተረፈውን ጠቅልላ አሮጌ ካርድ በምታስርበት ነጭ ክር በድርብ ቋጠሮ አሰረችውና ከስዊቹ ኋላ ሸጎጠችው። ሁለታችንም ራቅ ብለን አየነው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያምር ነበር።

አሁን የማውቀውን ያኔ አላውቅም ነበር። አንድ ገመድ በሁለቱም ጫፉ እዚያው ስዊች ላይ ከተሰካ፣ በአንዱ ቀዳዳ የወጣው መልእክት በሌላው ተመልሶ ይገባል፤ የገባው እንደገና ይወጣል፤ በወጣ ቁጥር ለሁሉም ይዳረሳል። ራሱ ያወራውን ወሬ መልሶ ከራሱ ሰምቶ «ሰማችሁ?» እያለ ሰፈሩን የሚዞር ሰው ታውቁ የለ? እንደዚያ ነው። ከአፍታ በኋላ ለሌላ ንግግር ቦታ አይኖርም። ይህን የሚከላከሉ ስዊቾች አሉ፤ የእኛዎቹ ከእነሱ አልነበሩም።

የመጀመሪያው በሽተኛ ካርዱን ሳይቀበል ሁሉም ነገር ቆመ። የዶክተሩ ኮምፒውተር ደረቀ፣ የላብራቶሪዋም፣ የገንዘብ ተቀባዩም። እኔ የራሴን ነቅዬ፣ አሥር ቆጥሬ፣ ሰካሁ፤ ምንም። ዶክተሩ ቁራጭ ወረቀት አምጡ አሉ። ወረቀት ከሦስት ወር በፊት ሰብስበን አስወግደናል፤ ካላንደር ገንጥለን ሰጠናቸው። ለስኳር ምርመራ ብለው ከማታ ጀምረው ያልበሉ አንድ አዛውንት አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ሁለት ሰዓት ሙሉ ኮምፒውተርን፣ የፈጠረውን ሰው፣ የሰውየውን ቤተሰብ ተራ በተራ ሲረግሙ ቆዩ። ረሃብ ላይ ስለሆኑ ማንም አልተቆጣቸውም።

ንቀለው ዜናውን ሰምቶ ከአምስት ሰዓት በፊት ደረሰ። ለፊርማው የተቀመጠውን አዲሱን ሸሚዝ ለብሶ፣ እያነከሰ ነው የመጣው። ስዊቹ ሥር ቆሞ አየ። መብራቶቹ ሁሉ አንድ ላይ፣ በፍጥነት፣ ያለ ፋታ ይርገበገባሉ። የየክፍሉን ገመድ አንድ በአንድ ነቀለ። ስድስቱም ከወጡ በኋላ ሁለት መብራቶች ብቻ ቀሩ፤ ማንም በሌለበት እርስ በርሳቸው ያወራሉ። ሰባተኛውና ስምንተኛው ነበሩ። እጁን ከስዊቹ ኋላ ሰደደና ጥቅሉን አወጣው።

ነጩን ክር አየው። ድርብ ቋጠሮውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ያንን ቋጠሮ ቤቱ ውስጥ በሃያ ሁለት ዓመት ስንት ሺህ ጊዜ ፈትቶታል። እህቴ መስኮቷ ላይ ቆማ ጀርባውን ታያለች፤ እሱ አልዞረም። ክሩን ፈቶ ኪሱ ከተተና አንዱን ጫፍ ነቀለ። የየክፍሉን ገመድ መለሰ። መብራቶቹ ረጋ አሉ። ላብራቶሪዋ ከወዲያ ጫፍ «መጣ!» ብላ ጮኸች።

ዶክተሩ ኮሪደሩን ቀስ ብለው መጡ። ደብዳቤው በእጃቸው ነበር። ምን ነበር ብለው ጠየቁት።

«የኔ ጥፋት ነው» አለ ንቀለው። «አንዱን ገመድ በሁለቱም ጫፉ ሰክቼዋለሁ።»

መቼ አሉት። ሰኞ ዕለት አለ። ሰኞ ቢሰካው ኖሮ መስመሩ ሰኞውኑ ይወድቅ ነበር፤ ይህን ግን ከእሱ በቀር እዚያ የሚያውቅ አልነበረም፤ ሰኞ ስላለም እህቴ የጠዋቱን ገመድ ከነገሩ ጋር አላገናኘችውም። ዶክተሩ ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ቃል ቃል ነው፣ አዝናለሁ አሉት። ጨበጡት። እህቴ መስኮቷ ላይ እንደቆመች ነበረች፤ ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር በእናታችን ቀብር ቀን እንኳ አላየሁትም፤ ያን ዕለት ሐዘን ነበር፣ ይሄኛው ሐፍረት ነው።

አፌን ልከፍት ስል ክንዴን ይዞ ወደ መድኃኒት መደርደሪያዬ ኋላ ወሰደኝ። በርጩማውን ማን ያዘላት አለኝ። እኔ አልኩት። ቀዳዳውንስ ማን አሳያት አለኝ። እሱንም እኔ አልኩት። የሚሰድበኝ መስሎኝ ነበር፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«እሷ እንዳትሰማ» አለኝ።

አሥራ አራት ዓመት የሠራች ሰው ናት፣ ዶክተሩ ለዚህ ብለው አያባርሯትም አልኩት።

«ለሥራው ብዬ አይደለም» አለ። «ሃያ ሁለት ዓመት የኔን ገመድ ስትሸጉጥ አንድም ቀን አጠፋሽ ብያት አላውቅም። ዛሬ በሰው ፊት ልጀምር? ደሞ ምንም ሳልጽፍበት ያንጠለጠልኩት ገመድ ምኑን ያሳውቃታል?»

በእናታችን አስማለኝ። ማልኩ። ዕድሜዬን ሁሉ ላልተጠየቅኩት ስመልስ ኖሬ፣ አንድ ቀን መናገር ሲገባኝ ምላሴን ዋጥኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ለማየት ዓይን አልነበረኝም። እህቴ አልጮኸችም፤ ብትጮህ ደግ ነበር። ባሌ አዋረደኝ ብላ ለእኔ ነው የምትነግረኝ። በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ዋስ ብሆን አለች፣ እሱም ለገዛ ባሌ። ቤታቸው ስሄድ ገመዱ ሁሉ እንደተንጠለጠለ ነው፤ እሷ በላዩ ተራምዳ ታልፋለች፣ አታነሳም። እሱ ራሱ ይሸጉጥ ጀመር፤ አይችልበትም፣ ሲሸጉጥ ሌላው ይወጣል። እራት ቀርቦ «ብላ» ትለዋለች፣ እሱ «እሺ» ይላል፤ ንግግራቸው ያ ነው። እሱ ወደ መሰላሉ ተመለሰ። አንድ እሑድ ጉልበቱ የሕፃን ራስ አክሎ አየሁት። ልናገር ብዬ አፌን ስከፍት በዓይኑ ዘጋኝ። ተነስቼ ወጣሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ዶክተሩ ማተሚያ የሚጨምር ሌላ ባለሙያ አስመጡ። ቦርሳው ትልቅ፣ ወሬው ብዙ ነበር። ካርድ ክፍል ገብቶ ስዊቹን ሲያይ ግን ቦርሳውን አስቀመጠ። ገመዶቹን አንድ በአንድ እያገላበጠ ጽሑፎቹን አነበበ። ይሄን የዘረጋው ማነው ብሎ ጠየቀ። እህቴ ካርድ እየፈለገች፣ ሳትዞር፣ አንድ ሰው ነበር አለችው። ለምን ለቀቀ አላት። አንዱን ገመድ በሁለቱም ጫፍ ሰክቶት መስመሩን አቆመው አለች።

ሰውየው ሳቀ። «ተዪ እንጂ እናቴ! በየገመዱ ሁለት ጫፍ የጻፈ ሰው? ይሄንንማ ትምህርቱን በጀመርንበት ቀን ነው አታድርጉ የሚሉን። ይሄ ባለሙያ የሚሠራው ስህተት አይደለም። ተንጠልጥሎ አይቶ፣ ላሳምረው ያለ ሰው ነው የሚሰካው።»

እኔ ካርድ ልጠይቅ ብዬ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። የእህቴ እጅ መሳቢያው ውስጥ እንዳለ ቆመ። ምን እያሰበች እንደሆነ ከጀርባዋ ይነበብ ነበር፤ ሐሙስን፣ በርጩማውን፣ ክሩን፣ አንድ በአንድ እየቆጠረች ነው። ቆጥራ ስትጨርስ ወደ እኔ ዞረች።

«ታውቅ ኖሯል።»

«በእናታችን አስምሎኝ ነው» አልኩ።

«የኔም እናት ናት» አለችኝ። ከዚያ የካርድ ክፍሉን መስኮት ዘጋች። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ በሥራ ሰዓት ተዘግቶ አያውቅም። በተሰለፉት በሽተኞች መሃል አልፋ ወደ ዶክተሩ ክፍል ሄደች፤ እኔም የጥፋቷ ግማሽ የኔ ነውና ተከተልኳት።

ዶክተሩ ብቻቸውን ነበሩ። ቆማ ነገረቻቸው፤ ገመዱን የሰካሁት እኔ ነኝ፣ ያን ሐሙስ ጠዋት፣ እዚህ ያለው ወንድሜ በርጩማውን ይዞልኝ አለች። ቀዳዳውንም ያሳየኋት እኔ ነኝ ብዬ ጨመርኩ። ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግዲያው ዋሽቶኛል» አሉ።

«አዎ፣ ዋሽቶዎታል» አለች። «እርስዎ ሥራውን ስለማያውቁት አመኑት፤ አይፈረድብዎትም። እኔ ግን ሰውየውን ሃያ ሁለት ዓመት እያወቅኩት አመንኩት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቀና ብዬ አላየሁትም። መሰካቴ አይደለም ያሳፈረኝ፣ ማመኔ ነው።»

ድምፅዋ እዚህ ላይ ተሰበረ። እህቴ ስታለቅስ ከእናታችን ቀብር ወዲህ አላየሁም። ዶክተሩ መሳቢያቸውን ከፍተው የታጠፈውን ደብዳቤ አወጡና ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። አልቀደዱትም ነበር። በእጃቸው እያሻሹ እጥፋቱን ለማቃናት ሞከሩ። ከዚያ ብዕራቸውን አንስተው ፈረሙና «ነገ ጠዋት ይምጣ በይው» አሏት።

እህቴ ዓይኗን ጠረገች። ደብዳቤውን አልነካችውም።

«እርስዎ ይንገሩት» አለች። «እኔ አስቀድሜ ይቅርታ የምለው አለኝ።»